መንግሥት እና ዴልበርት፣ ስለ አንዲት በለስ

ጁላይ 3፣ ሐሙስ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ የዘንድሮው የቲማቲም ሳንድዊች ወቅት ከዛሬ ቀትር ጀምሮ በይፋ ተከፍቷል። በዚህ መንገድ ላይ የመጀመሪያዋ ቀይ ቲማቲም እንደ ሁልጊዜው ከእኔ ጓሮ ተቆርጣለች። ነጭ ዳቦ፣ ማዮኔዝ እስከ ጫፍ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። ሥነ ሥርዓቱም በደንቡ ተፈጽሟል፤ እቃ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ተብሎ፣ ጭማቂው እስከ ክርን እየወረደ።

ለጎረቤቴ ለዴልበርት ስፔንሃወር በአጥሩ ላይ አወጅኩለት። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። አሁን ትምህርት ስለተዘጋ ቀኑን ሙሉ ጓሮው ነው የሚውለው።

"የአንተስ?"

"አረንጓዴ። ዘንድሮም ቀደምሽኝ።"

"ዘንድሮም!"

ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶኝ በቲማቲም መፎከር ነውር ነው? አይመስለኝም...

ጁላይ 8፣ ማክሰኞ

የበለስ ዛፌ ፍሬ ከብዷታል። ባሌ ሆረስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከአጥሩ ሥር ነው የተከላት፤ ግማሽ አካሏ ወደ ዴልበርት ግቢ ያዘነብላል። የመጀመሪያው ዙር ፍሬ መርገፍ ጀምሯል። ፍሬው ሲበሰብስ ተርብ ይጠራል። ዛሬ ዴልበርት አንገቱ ላይ ተነደፈ።

"ቨርኔል፣ የወደቀውን ልቀሚው እንጂ!"

ወገቤን አሞኛል አልኩት። ወገቤ ደህና ነው። ሰንፌ ነው። ይህ ከዚህ ደብተር እንዳይወጣ።

ጁላይ 13፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በለሷ የለችም።

ጉቶ ብቻ። ዴልበርት መጋዙን ይዞ ቆሟል፤ ዓይኑ በተርብ አብጦ ተዘግቷል።

"ወደ እኔ የመጣውን ቅርንጫፍ ብቻ ልቆርጥ ነበር" አለ።

"ታዲያ?"

"ነደፉኝ። ደግመው ነደፉኝ። ከዚያ... አላቆምኩም።"

የአትክልት ማጠጫው ጎማ በእጄ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሆነው ነገር ተጠያቂው የውሃው ግፊት ነው። ኮፍያውን ከመንገዱ ማዶ አገኘው።

ጁላይ 14፣ ሰኞ

ሸሪፍ ቢሮ ደወልኩ። አንድ ወጣት ምክትል ሸሪፍ መጣ። ጉቶውን አየ፣ ማስቲካውን አላመጠ።

"ሚስ ቨርኔል፣ ለዛፍ ብዬ ሰው አላስርም።"

"ታዲያ ማን ያስርልኛል?"

"ራስዎ መክሰስ ይችላሉ እኮ። እስር ቤቱ ጎን ማጅስትሬቱ አለ፤ እሱ ዘንድ ሄደው ይማሉ።"

እኔ? ያለ ፖሊስ? ያለ ጠበቃ? ዕድሜዬን ሙሉ ኖርዝ ካሮላይና ስኖር ሰውን በወንጀል መክሰስ እንደምችል ማንም አልነገረኝም! ስንቱ አመለጠኝ...

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ማጅስትሬቱ ከወፍራም መስታወት ጀርባ የሚቀመጥ ትንሽ ዳኛ ነው። ሰካራም የሚቀበልበት መስኮት ላይ እኔንም ተቀበለኝ። መጽሐፍ ቅዱሱን በቀዳዳው አሾለከልኝ።

"ምን ደረሰብዎት?"

"ዛፌን ገደለው።"

"ጎዳው ማለትዎ ነው?"

"ሞታለች። እኔን ስለ ሞት ትጠይቀኛለህ? ሠላሳ ዓመት ለአውራጃችን ጋዜጣ የሞት ማስታወቂያና እርማት ጽፌያለሁ።"

"ይምሉልኛል?"

ማልኩ። በሁለት ጣቱ ተየበው። የሰው ንብረት ሆን ብሎ ማበላሸት፣ ይላል። ወረቀቱ አናት ላይ ግን፦ ከሳሽ፣ የኖርዝ ካሮላይና መንግሥት። ተከሳሽ፣ ዴልበርት ዌይን ስፔንሃወር።

"እኔስ የት አለሁ?"

"እታች። ምስክር የሚለው ጋ።"

ስሜ ጉንዳን ያህላል። ግድ የለም። አሥራ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ከኋላዬ ተሰልፏል፤ ዴልበርት ብቻውን ነው።

ጁላይ 16፣ ረቡዕ

መጥሪያው ደረሰው። የፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ አነበበው። ቀጠሮው ሴፕቴምበር 9 ነው። አንብቦ ሲጨርስ ፒካፑን አስነስቶ ወደ ከተማ ነዳ። ወዴት ይሆን?

ጁላይ 17፣ ሐሙስ

ወዴት እንደሆነ ታውቋል።

ያው ምክትል ሸሪፍ፣ ያው ማስቲካ፣ ሌላ መጥሪያ። ከሳሽ፣ የኖርዝ ካሮላይና መንግሥት። ተከሳሽ፣ ቨርኔል ፔግራም። ወንጀሉ፣ በውሃ ጎማ የተፈጸመ ጥቃት። አሥራ አንዱ ሚሊዮን ሕዝብ ሳምንት እንኳ ሳይቆይ ከዳኝ!

"በአንድ ቀን ነው የቀጠሯችሁ" አለ ልጁ። "ነዳጅ ትቆጥባላችሁ።"

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ

ጉቶው ሥር ሁለት አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። አረም ነው።

የበለስ ቅጠል ያለው አረም...

ባልዲ ደፋሁበት። ማስረጃን ከጥንቸል ለመጠበቅ ነው። ፀሐይ እንዲያገኝ ባልዲውን አነሳለታለሁ፤ ዴልበርት ብቅ ሲል መልሼ እደፋዋለሁ። የማጅስትሬቱን መጽሐፍ ቅዱስ ደጋግሜ አሰብኩት። ሞታለች ብዬ ነው የማልኩት። ያን ቀን ሞታ ነበር። አልነበረችም እንዴ?

ኦገስት 25፣ ሰኞ

ትምህርት ተከፈተ። አውቶቡሱ አለፈ። የምትነዳው አንዲት የማላውቃት ሴት ናት። መታጠፊያውን በፍጥነት ዞረችው፤ ጥሩምባም አልነፋችም። ዴልበርት ቤቴ ጋ ሲደርስ ሁለቴ ይነፋ ነበር። ሁሌም።

እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። የሥራ ኮፍያውን አድርጎ።

ታመመ ይሆን? ምን አገባኝ...

ኦገስት 27፣ ረቡዕ

የቤተ ክርስቲያን እራት። ሎሬታ፣ ከመዘምራኑ፣ ባናና ፑዲንግ፣ ያንን የሙዝ ጣፋጭ፣ እየጨለፈችልኝ፦

"የዴልበርትን አልሰማሽም? የአውቶቡሱን ቁልፍ ተቀበሉት።"

"ለምን?"

"የወንጀል ክስ ያለበት ሰው የሰው ልጅ አይጭንም አሉ፤ ክሱ እስኪዘጋ። ወሩ አጋማሽ ድረስ ካልተዘጋ መስመሩን ለዚያች ሴትዮ ሊሰጧት ነው።"

"የምን ወንጀል ሠራ?"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ያንቺን ነዋ፣ ቨርኔል!"

ፑዲንጉን መልሼ ገፋሁላት።

ከዚያች አውቶቡስ ሌላ ምን አለው? ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። በመንገዱ ላይ ያደገውን ልጅ ሁሉ በስሙ ይጠራል። የአንዳንዱንም እናት ሳይቀር እሱ ነው ያመላለሳት። እኔ ዛፌን እንዲከፍለኝ ነበር የፈለግኩት... እንዲያፍር። ሥራውን ተነጥቆ በረንዳ ላይ ኮፍያ አድርጎ እንዲቀመጥ አልነበረም።

ኦገስት 28፣ ሐሙስ

ማጅስትሬቱ ዘንድ።

"ክሴን መልስልኝ።"

"የትኛውን ክስ?"

"የእኔን! የዴልበርትን!"

"ሚስ ቨርኔል፣ የእርስዎ ክስ የለም። የመንግሥት ነው። እኔ መክፈት እንጂ መዝጋት አልችልም።"

"ማን ይዘጋዋል?"

"ዐቃቤ ሕግ። ከፈለገች።"

"ካልፈለገችስ?"

ቀጣዩን ባለጉዳይ በእጁ ጠራ። ከኋላዬ አንድ ሰካራም፣ እጁ በካቴና ታስሮ፣ "ሴትዮ፣ ተራሽ አልፏል" አለኝ።

ይህ እንግዲህ ሕጋችን ነው። ማንም መንገደኛ ገብቶ ያስነሳዋል። አንዴ ከተነሳ በኋላ ግን ያስነሳው ሰው ታች ወርዶ ምስክር ይባላል። መስታወቱ ላይ ቢለጥፉት ምን ነበረበት?

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

ጠዋት መኪናዬ አልነሳም አለች። ባትሪ። በሩ ላይ ቆሜ ስረግማት ዴልበርት ፒካፑን አቆመ። የቀብር ኮቱን ለብሷል።

"ግቢ።"

"ከተከሳሽ ጋር?"

"አንቺም ተከሳሽ ነሽ።"

እውነቱን ነው። ገባሁ። በመካከላችን ወረቀት የተጠቀለለ የቲማቲም ሳንድዊች አለ። ግማሹን ሰጠኝ።

"የቁልፉን ነገር ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? ዛፉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

ሳንድዊቹን ጨረስን። ከዚያ ስለ ቲማቲም አንድ ነገር ነገረኝ። ዛሬ አልጽፈውም። ክብሬን ይነካል።

ፍርድ ቤቱ ጢም ብሏል። ዐቃቤ ሕጓ ወይዘሪት ክሎኒንገር የልጅ ልጄን የምታህል ወጣት ናት። ክንዷ ሙሉ ፋይል ታቅፋለች።

"ተከሳሽ ስፔንሃወር?"

"አቤት" አለ ዴልበርት።

"ምስክር?"

እጄን አወጣሁ።

"ተከሳሽ ፔግራም?"

ያንኑ እጄን አወጣሁ።

"ምስክር?"

"አቤት" አለ ዴልበርት።

አየችን። "አብራችሁ ነው የመጣችሁት?"

"የእሷ ባትሪ ሞቶ" አለ።

ከኋላ ሰው ሳቀ። ዳኛው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። ወይዘሪት ክሎኒንገር ወደ ኮሪደሩ ይዛን ወጣች።

"ትተነዋል" አልኳት። "ሁለታችንም። ሰውየው አውቶቡሱን ይመልሱለት።"

"ሚስ ቨርኔል፣ ክሱ የመንግሥት ነው።"

"መንግሥት ዛፏን አይቷት አያውቅም!"

"እርስዎ ነዎት ያሳዩት። በመሐላ። አሁን የማልኩት ውሸት ነው እያሉኝ ነው?"

 አዎ ብል የሐሰት መሐላ ነው፣ ሌላ ወንጀል። አይደለም ብል ዴልበርት ጥፋተኛ ነው፣ በረንዳው ላይ ይቀራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል በዚህ ጉዳይ እውነቱን ብቻ ለመናገር ያሰብኩት።

"ያየሁትን ነው የማልኩት" አልኩ። "ቃሏን የለወጠችው ዛፏ ናት።"

"እንዴት?"

"በቅላለች።"

"በቅላለች?" አለ ዴልበርት።

"ባልዲው ሥር።"

"ያ ባልዲ! እኔ ደግሞ እባብ ይዘሽ ለእኔ ያስቀመጥሽልኝ መስሎኝ ወሩን ሙሉ ቦት ጫማ አድርጌ!"

ወይዘሪት ክሎኒንገር ግንባሯን ፋይሉ ላይ አስደገፈች። ቀና ስትል ቀይ ሆናለች፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ አላወቅኩም።

"አቶ ስፔንሃወር፣ መጋዝ ሳይጠይቁ አጥሩን አያልፍም።"

"አያልፍም።"

"የወደቀውን ፍሬስ ማን ነው የሚለቅመው?"

"ወገቤን..." አልኩ። ዴልበርት አየኝ። "እኔ ነኝ የምለቅመው" አልኩ።

ሁለቱንም ፋይል ኮሪደሩ ላይ፣ በጉልበቷ ላይ አስደግፋ መዘጋታቸውን ጽፋ ፈረመችባቸው።

"ይህን የማደርገው ለመንግሥት ጊዜ ብዬ ነው፤ ስለጠየቁኝ አይደለም።"

"መንግሥትን አመስግኝልኝ" አልኳት።

ሴፕቴምበር 12፣ ዓርብ

ዴልበርት ክሱ የተዘጋበትን ወረቀት ለትምህርት ቤቱ አስገብቷል። መልስ የለም። ዛሬም ያቺ ሴትዮ ነች ያለፈችው። እሱ በረንዳው ላይ ነው፤ ዛሬ ኮፍያም የለው። ዘግይቼበት ይሆን?

ፍሬ የለም እንጂ ብለቅም ደስ ባለኝ። ባልዲውን ግን አንስቼ መጋዘን ከተትኩት። ቡቃያዎቹ ከባልዲው ሊበልጡ ደርሰዋል።

ሴፕቴምበር 15፣ ሰኞ

ቁርስ ላይ ነበርኩ። ጥሩምባ፣ ሁለቴ። በሌሊት ልብሴ ወጣሁ። አውቶቡሱ መታጠፊያውን ቀስ ብሎ፣ እንደ ሙሽራ መኪና ዞረ። ልጆቹ በመስኮት ጮኹብኝ፤ የሌሊት ልብሴን አይተው ነው።

የሚከተለው ማስተካከያ እንዲወጣ ተወስኗል፦

እርማት። በዚህ ማስታወሻ የጁላይ 3 ዕትም ላይ "በዚህ መንገድ ላይ የመጀመሪያዋ ቀይ ቲማቲም እንደ ሁልጊዜው ከእኔ ጓሮ ተቆርጣለች" ተብሎ የተገለጸው ስሕተት ነው። የዘንድሮዋ የመጀመሪያ ቲማቲም በጁን መጨረሻ ከአቶ ዴልበርት ስፔንሃወር ጓሮ ተቆርጣ፣ መጋረጃ ተዘግቶ፣ በድብቅ ተበልታለች። "እንደ ሁልጊዜው" የሚለው ሐረግም ሆረስ ፔግራም ከተቀበሩበት ዓመት ወዲህ ላሉት ዓመታት በሙሉ ተሰርዟል፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የቀደሙት አቶ ስፔንሃወር መሆናቸው ተረጋግጧል። ለምን እንደደበቁ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄዱ ፒካፑ ውስጥ የተጠየቁት አቶ ስፔንሃወር፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ "በዚያ ዓመት ሌላ የምትፎክሪበት ነገር አልነበረሽም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለመድኩት" ሲሉ መልሰዋል። ለተፈጠረው ስሕተት ዝግጅት ክፍሉ ይቅርታ ይጠይቃል።