በደሴ በኩል የዞረ መብራት

ሰኞ

ኤሌክትሪሻኑ ግርማ ጠዋት ቴስተሩን ይዞ መጣና ሦስቱንም የመብራት መስመር፣ ፌዝ በፌዝ፣ ቆጣሪው ላይ ለካልኝ። ሁለቱ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ ሦስተኛው ትንሽ ዝቅ ያለ። «ሰላም ነው፣ ቶርኖ ይሸከማል» አለ። በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። ከእንግዲህ የከባድ መኪና ሾፌር ብረት ላስቀርጽ ብሎ አዳማ ድረስ አይሄድም፤ እዚሁ አዋሽ ሰባት ኪሎ እኔ እቀርጽለታለሁ። በብየዳ ብቻማ ዓይኔ አለቀ።

ነገ አንድ የሚሸጥ ቶርኖ፣ ብረት መቅረጫ ማሽን፣ ለማየት ሰመራ እሄዳለሁ። ችግሩ፣ ባለቤቴ ሀያት ለአክስቷ ልጅ ሰርግ ደሴ ናት። ወርክሾፔ ያለው በእናቷ ምግብ ቤት ጓሮ ነው፤ እኔና አማቴ ግን ከኒካው ቀን ጀምሮ ተከባብረን፣ ተፋፍረን፣ በቀጥታ አውርተን አናውቅም። እሳቸው ሲያዩኝ ሻሻቸውን ሳብ ያደርጋሉ፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። መልእክት የምታመላልሰው ሀያት ነበረች። እና ሰመራ መሄዴን ለእናቷ እንድትነግርልኝ ደሴ ደወልኩ። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ የአማቴ ስልክ ጮኸ። «በሰላም ይግቡ ብላለች» አለችኝ ሀያት፣ ከደሴ።

ማክሰኞ፣ ሰመራ

ቶርኖው አሮጌ ነው፣ ግን ጤነኛ። ባለቤቱ ሰይድ አስነስቶ አንድ ዘንግ ሲቀርጽልኝ ልቤ ቀለጠ። ወደ ኮምቦልቻ ጠቅልሎ ሊገባ ስለሆነ ነው የሚሸጠው።

«መብራትህን ለክተሃል?» አለኝ።

«ለክቻለሁ።»

«መቼ?»

«ጠዋት።»

ቶርኖውን ተደግፎ ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ የዚህን በረሃ መብራት ጠዋትማ ማን ያማዋል? ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ቬንትሌተሩን ከፍቶ ሲጋደም ለካው። እኔ አንድ ሞተር ያቃጠልኩት እንዳንተ አምኜ ነው።»

ከአዳይቱ ሌላ ገዢ አለው። እኔን እስከ ጁምዓ ብቻ ይጠብቀኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የዘገየስ ምን ይለቅማል?

ረቡዕ

ከሚኒባሱ እንደወረድኩ ግርማን ጎትቼ አመጣሁት። ሙቀቱ ድንጋይ ይጠብሳል። ለካ። ሦስተኛው ፌዝ መቶ ስልሳ!

«በዚህ ላይ ሞተርህ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ ከዚያ ቀብሩ ነው» አለኝ።

ሽቦውን ተከትለን ሄድን። ሄደን ሄደን የት ደረስን? አማቴ ቤት። ሦስት ትልልቅ ፍሪጆች፣ ሦስቱም አንድ ፌዝ ላይ! ግርማ በየፌዙ አንዳንድ አድርጎ ሊያከፋፍላቸው ይችላል፤ ግን መጀመሪያ እየነቀልን ጥፋቱ ከእነሱ መሆኑን ማረጋገጥ አለብን።

«እንግዲያ ንገራቸው» አልኩት።

«እኔ ሽቦ እንጂ አማት አልለካም።»

እነዚያ ፍሪጆች የአማቴ ክብር ናቸው። አውቶቡስ ሁሉ የሚቆመው ለእሳቸው ውሃ ነው። አማች ተነስቶ «ፍሪጅዎን ይንቀሉ» ይላል? ከዚያስ ገደል መግባት ይሻላል። በአስተናጋጇ እንዳልልክ፣ የቤተሰብ ጉዳይ በሰው አፍ ነውር ነው።

«ጠዋት ጠዋት ብቻ ብሠራስ?» ብዬ ሞከርኩ።

«መኪና የሚሰበረው ጠዋት ብቻ ነው?» አለኝ። ጠላሁት።

ሐሙስ

ደሴ ደወልኩ። ከጭፈራው መሀል እየጮኽኩ «ፍሪጆቹ ለትንሽ ጊዜ ይነቀሉ በያት» አልኳት። ምን ሰምታ ምን እንዳደረሰች አላህ ይወቀው። መልሱ ሲመጣ «ውሃዬ አልቀዘቀዘም አሉ እንዴ?» ሆኖ መጣ።

ምሳ ሰዓት ላይ አስተናጋጇ አንድ ጆግ ይዛልኝ መጣች። ውስጡ የጡብ ያህል በረዶ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ጥቂት ውሃ። መልስ መሆኑ ገባኝ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ጨረስኩት። ከዚያ ሀያትን ደግሜ፣ ደግሜ አስረዳኋት። ማታ ላይ «እሺ ብላለች፣ ነገ ከጁምዓ በኋላ» አለችኝ። ቶርኖው በህልሜ ካልመጣ ይገርመኛል።

ዓርብ

ግርማ ቆጣሪው ላይ። እኔ ከጎኑ፣ ስልኬ ጆሮዬ ላይ። ሀያት ደሴ፣ በአንድ ጆሮዋ እኔ፣ በሌላው እናቷ። አማቴ ከግድግዳው ማዶ፣ ፍሪጆቹ አጠገብ።

«አንደኛው ይነቀል» አልኩ። ነገሩ ደሴ ደርሶ ተመለሰ፤ ተነቀለ። ቁጥሩ ከፍ አለ! «ሁለተኛው» ልል ስል ኔትወርኩ ጠፋ። ሃሎ፣ ሃሎ። ምንም የለም። ግርማ «ቶሎ በሉ እንጂ፣ እጄ ዛለ!» ይላል። ላቤ ይንጠባጠባል። ሰይድ ማታ ለአዳይቱው ሰው ሊሰጥብኝ ነው።

ያኔ ከግድግዳው ማዶ ድምፅ መጣ።

«ኑሩ! ሁለተኛውንም ልንቀለው ወይ?»

ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። አፌ ሳያማክረኝ «ይንቀሉት እማ!» አለ።

«ሦስተኛውንስ?»

«እሱንም!»

«ሁለት መቶ አስራ አምስት!» ብሎ ግርማ ጮኸ።

ከዚያ ፍሪጆቹን በሦስቱ ፌዝ አከፋፈለና ሁሉንም ሰካ። ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ ሦስቱም እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ደጋግሜ አስለካሁት። ኔትወርኩ እንደተመለሰ ሰይድ ጋ ደወልኩ። «ሰውዬው እዚሁ አጠገቤ ተቀምጧል» አለኝ። «ግን ጁምዓ አላለቀም፤ ያንተ ነው» አለ። አልሐምዱሊላህ!

አማቴ ጓሮው በር ላይ ቆመው ነበር። ሻሻቸውን ሳብ አደረጉ፣ እኔም መሬት አየሁ።

«አገኙት?»

«አገኘሁት እማ።»

«እንኳን ደስ አለዎት። ግን ያ ማሽንዎ ውሃዬን ቢያሞቀው በደሴ አልዞርም፤ ራሴ ነኝ የምመጣው።»

ማታ ሀያት ደወለች። «እማን ምን ልበላት?»

«ምንም አትበያት፣ ተነጋግረናል።»

«ማን ከማን ጋር?» አለችኝ። እስካሁን ያመነችኝ አይመስለኝም።