ሉሲ በጾም የሮጠችበት ቅዳሜ

ለምወድሽ እህቴ ለአትጠገብ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጌታ ሰላም ለአንቺና ለመላው ቤትሽ ይብዛ። እንደምን ከርማችኋል? ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ጋሽ ፈለቀስ ከመኪና ሥር ወጥቶ እህል በሰዓቱ ይቀምሳል? ልጆቹ ትምህርቱን እንዴት ይዘውታል? የሰመራ ሙቀትስ እንዴት አድርጓችኋል? ስለ ሙቀት ስጠይቅሽ እንኳ እያፈርኩ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ። እኛ ደህና ነን። እማማም ጪጩ መንደር ጓሮዋን እየኮተኮተች፣ ጎረቤቱን ሁሉ እየመከረች ደህና አለች። ልጅሽ ሉሲም ደህና ናት። ይህችን ቀድመሽ ያዢልኝና ተረጋጊ፤ ከዚያ በኋላ እንዳሻሽ ተቆጪኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክማ ስንቴ ሞከርኩ። ድምፅሽን ስሰማ ጨዋታውን ወደ ቡና ዋጋ ወይም ወደ ዝናቡ እወስደዋለሁ። የዚያን ቅዳሜ ማታ ስትደውዪ «እግሯን ትንሽ ወለም ብሏት ተኝታለች» ያልኩሽ ውሸት ነበር። የተኛችው ሆስፒታል ነበር፤ እኔም ያነሳሁልሽ ከአልጋዋ አጠገብ ቆሜ ነው። ወረቀት ፊት አያይምና ወደ እናንተ በሚመለሰው በሹፌሩ በሙሐሲን እጅ ይህን ላኩልሽ።

ሉሲን ስትልኪልኝ ያልሽኝን አልረሳሁም። «እዚህ ሐሩሩ ልጄን አያስሮጣትም። እናንተ ጋ አየሩ ይሻላል፣ አንተም የስፖርት አስተማሪ ነህ፣ አደራ» ነበር ያልሽኝ። ከሙቀት ልታስመልጫት ነው የላክሽልኝ። ልጅቷም አላሳፈረችኝም። እኔ ጋ ከመጣች ጀምሮ በአጭር ርቀት የሚቀድማት ጠፍቶ፣ እኔም በሷ ሩጫ ደረቴን ነፍቼ የምሄድ ሰው ሆኜ ነበር። ሱቅ ዱቤ ስጠይቅ ሳይቀር «የሉሲ አጎት» እየተባልኩ ነበር።

ዘንድሮ የበልጉ ዝናብ ዘገየብን። ዲላ ነደደች፤ የእንሰቱ ቅጠል ሳይቀር ተኮማተረ። የዞኑ የትምህርት ቤቶች ውድድር የዋለው በዚህ መሃል ነው። ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስ ከመድረክ ላይ ሆነው፣ ልጃችን ቅዳሜ ስለምትሮጥ ጉባኤው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምስ ጾሞ ይጸልይላት አሉ። ሁሉም አሜን አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት። እኔ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ ብድግ ብዬ «ሉሲም እኔም አብረናችሁ እንጾማለን» አልኩ። እልልታው ቀለጠ። ዞር ብዬ ሳያት ሉሲ ከመዘምራኑ መሃል ሆና ታየኛለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው እህቴ።

ቤት ገብተን «ያ የመድረክ ወሬ ነው፣ አንቺ ግን ብዪ ጠጪ» ልላት ይገባ ነበር። አላልኳትም። ነገ እላታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እላታለሁ ስል ቅዳሜ ደረሰ። ደግሞም ልብ ያላት ልጅ ናት፣ ራሷ ታውቃለች አልኩ። ጠዋት ሜዳ ለማዘጋጀት እሷ ሳትነሳ ወጣሁ። እሷን መዘምራኑ ቤት መጥተው ከጸለዩላት በኋላ እየዘመሩ ወደ ስታዲየሙ አመጧት።

የመጀመሪያውን ዙር ሁለት መቶ ሜትር ብታያት ኖሮ ታለቅሺ ነበር። ጉልበቷ ከፍ ይላል፣ እግሯ መሬት ነካ ሲያደርግ ይነሳል፣ ድምፁ እንኳ አይሰማም። ከዚያ በፊት እንዲያ ሮጣ አታውቅም። ሙቀት ለአጭር ሩጫ አንድ ጊዜ ወዳጅ ነው፣ ጡንቻ ያፍታታል። ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህንን ነው። አስከትዬም ሩጫው ሲደጋገም፣ ሰውነት ከውስጥ ሲግልና ውሃው ሲያልቅ ያው ሙቀት ጠላት ይሆናል እላቸዋለሁ። የመጀመሪያውን አስታውሼ ሁለተኛውን ረሳሁ ብልሽ ውሸት ይሆናል። አልረሳሁም።

ልታርፍ ስትመጣ ውሃ ጠጥታ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ጾም ነው አላልክም እንዴ ጋሼ?» አለችኝ። ቁርስም አልበላችም። እኔም «በርቺ» ብዬ አለፍኩ።

ቀትር ላይ በግማሽ ፍጻሜው ያየኋት ሌላ ሉሲ ነበረች። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል። ጉልበቷ ዝቅ ብሏል። እግሯን ከሰውነቷ ፊት አርቃ ትጥለዋለች፣ መሬት ላይም ይቆያል፤ ጧ ጧ ሲል ከአጥሩ ጋ ሆኜ ሰማሁት። እንዲያም ሆና ሁለተኛ ወጥታ አለፈች። ሰው ያጨበጭባል፣ እኔ ግን ሥራዬ ነውና ልጅቷ ማለቋ ገብቶኛል። የውሃ ጠርሙስ ይዤ ወደሷ ሄድኩ። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፣ ላቧም ቆሟል። ጠርሙሱን ልከፍት ስል ቀና ብዬ ወደ መቀመጫው አየሁ። ጉባኤው በሙሉ እዚያ ነው። ጋሽ ጴጥሮስ ኮፍያቸውን አውልቀው ፀሐይ ላይ ይጸልያሉ። ሲሞን ቃሉን በላ ይሉኛል ብዬ ጠርሙሱን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩት። ሉሲ ጠርሙሱን አይታዋለች። እህቴ፣ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው።

በፍጻሜው ኩርባውን ስትጨርስ አንደኛ ነበረች። ከዚያ እግሯ እርስ በርሱ ተምታታ፣ ከመስመሯ ወጣች፣ መጨረሻው ሳይደርስ በግንባሯ ተደፋች። እኔ ስደርስ ስሟን እንኳ ስትጠየቅ የታናሽ ወንድሟን የእንድርያስን ስም ትጠራ ነበር። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት፣ ግሉኮስ ተደረገላት። ነርሷ መቼ ነው ውሃ የጠጣሽው ስትላት አንድ ጊዜ አየችኝና «ረስቼው ነው» አለች። እንዲያ ሆና እንኳ እኔን ትሸፍናለች። በማግስቱ ወጣች፤ አሁን ጉልበቷ ላይ ካለችው ጠባሳ በቀር ምንም የላትም።

በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወሬው ሌላ ሆኖ ቆየኝ። ጸሎታችን ለምን አልተሰማም፣ ከመሃላችን ጾሙን ያጎደለ ይኖራል ወይ እያሉ ይነጋገራሉ። ሉሲ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች። አልቻልኩም። ተነስቼ ልጅቷን በማያገባኝ አስጾሜ፣ ውሃ በእጄ ይዤ የከለከልኳት እኔ ነኝ አልኩ። ጋሽ ጴጥሮስ «ሲሞን ልጄ፣ እኛ የጾምነው እሷ በልታ እንድትሮጥ ነበር እኮ፤ አንተም ያን ያልከው ለወጉ መስሎን ነበር፤ የምትሮጥ ልጅ ማን ያስጾማል?» አሉኝ። ውሃውን ብሰጣት ኖሮ አንድም ሰው ክፉ አያስብብኝም ነበር። የፈራሁት ሰው እዚያ አልነበረም። የት እንደምገባ ጠፋኝ፣ ከዚያም ወዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በጓሮ መንገድ ነው።

አሁን የሚቀረው ያንቺ ውሳኔ ነው። ለአርባ ምንጩ የክልል ውድድር በዱላ ቅብብሉ አንድ ቦታ ክፍት ነው፣ ማጣሪያውም ቀርቧል። ሉሲ መወዳደር ትፈልጋለች። በማለዳ ብርዱ ሳይለቅ አሠራታለሁ፤ ውሃዋን ራሷ ትይዛለች፣ ልያዝልሽ ብላትም አትሰጠኝም። ተመለሺ ካልሻትም እኔው ራሴ ሰመራ ድረስ አመጣታለሁ። አርባ ምንጭ ትሂድ ካልሽ፣ ግን ከሌላ አሠልጣኝ ጋር ካልሽም ቅር አይለኝም። ከእኔ ጋር ትቆይ እንድትዪ የምለምንበት አፍ የለኝም።

ደብዳቤውን እዚህ ድረስ ጽፌ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንብቢው ብዬ ሰጠኋት። ስላንቺ የተጻፈ ነውና ማወቅ አለብሽ አልኳት። ቆማ አነበበችው። አጥፋ መለሰችልኝና «ጥሩ ነው ጋሼ፣ ግን አልጨረስከውም» አለችኝ። ምን ቀረ ብላት ወደ ማጀት እያየች «ያን ቀን ጠዋት መዘምራኑ ከመግባታቸው በፊት ሳህንህን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች።

ስለዚህ ልጨርሰው። አትጠገብ፣ ያን ቅዳሜ እኔ በልቼ ነበር። ቆጮ በአይብ በልቼ፣ ሻይ ደግሜ ጠጥቼ፣ ሳህኑን ማጀት ትቼ ወጣሁ። ለጉባኤውም የተናገርኩት ግማሹን ነው። ልጅሽ የእኔን ሳህን አጥባ፣ ኩባያውን ደፍታ፣ እሷ ግን ሳትቀምስ ልትሮጥልኝ ወጣች። የቀረውን በመጪው እሁድ እዚያው ተነስቼ እናገራለሁ፤ ሉሲም ከፊት ወንበር ተቀምጬ እሰማለሁ ብላኛለች።

ለጋሽ ፈለቀ እግሩ ሥር ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ በይልኝ። ኤልቤቴልን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ንባቧን እንዳትተው። ለትንሹ ለእንድርያስ እህቱ ራሷን ስታ እንኳ ስሙን እንደጠራች ንገሪው። እማማ ለሁላችሁም ምርቃቷን ልካለች፤ ይህን ጉዳይ ገና አልሰማችም፣ እሱንም ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ። ሉሲ ሁላችሁንም ናፍቃለች።

አደራሽን የበላው ወንድምሽ
ሲሞን

ዲላ
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.