ሦስተኛው ሽቦ

ጥቅምት 8
የገበያ ቀን። ደምበጫ ሰው በሰው ላይ ነበር። አብዱልአሊም አንድ ጣቃ ጨርቅ ከመደርደሪያ አውርዶ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። "ምነው ባልሽ?" አሉኝ አንዲት ደንበኛ። "ጉንፋን ነው" አልኩ። ለምን ዋሸሁ? እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎታል። ጋደም ሲል ስለሚያፍነው ተቀምጦ ነው የሚያድረው።

ጥቅምት 15
ደብረ ማርቆስ ሄድን። ዶክተር ምሥራቅ ምርመራውን አስረዳችን። ልቡ ደክሟል... ያንንማ እናውቃለን፣ ስንት ጊዜ መድኃኒት ዋጠ። አዲሱ ነገር ግራና ቀኙ አብሮ አለመምታቱ ነው። "አንዱ በሬ ሲስብ አንዱ ከቆመ እርሻው እንዴት ይሆናል?" አለችው። ከቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ ማሽን አለ አለች፣ ሦስት ሽቦ ያለው። ሁለቱን ጎን አንድ ላይ ያስመታል። አዲስ አበባ ነው የሚገባለት።
"ያድናል?" አላት።
"ብዙዎችን ይረዳል። ሁሉንም ግን አይደለም። አልዋሽዎትም።"

ኅዳር 3
መንገድ ተዘጋ። የአዲስ አበባው ቀጠሮ አለፈ። ሳልም ተጨምሮበታል።

ኅዳር 24
አዲስ አበባ። ዛሬ አስገቡለት። በር ላይ ዱዓ ሳደርግ ቆየሁ። ሐኪሙ ላብ አጥምቆት ወጣ። ሦስተኛው ሽቦ በደም ሥር በኩል ወደ ግራው ጎን አልሄድ አለ... ጠባብ ነው። "በሌላ ዘዴ ሞከርን። በልቡ መሃል ግድግዳ ላይ፣ 'ምታ' የሚለው የልቡ የራሱ ትእዛዝ በሚያልፍበት በኩል ተከልነው።"
ደህና ነው ማለት ነው? አልኩት።
"እናያለን።"

ታኅሣሥ 9
ቤታችን ገባን። ጋደም ብሎ ተኛ። ጁምዓ ዕለት ቀስ እያለ መስጊድ ደርሶ መጣ። ሳየው ፈራሁ። ደስታም ያስፈራል?

ጥር 6
እግሩ እንደገና አበጠ። ማሽኑ በደንብ ይሠራል አለች ዶክተር ምሥራቅ። ልቡ ነው ያልተከተለው። አዲስ አበባ ተመልሶ አመታቱን ማስተካከል ይቻላል...
"አልሄድም" አለ። "እዚሁ፣ ሸምሲያ።"
ቆይቶ፦ "ይሄ ነገር መሞት ይከለክለኝ ይሆን?"
አላውቅም አልኩት። እውነትም አላውቅም።

ጥር 19
አልከለከለውም። ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ፣ እጄን እንደያዘ።
ሊያጥበው የገባው ወንድሙ ሙሐመድሳኒ ተመልሶ ወጣ። "እትዬ፣ ደረቱ ላይ ያለው ይውጣ?" ኢማሙ፣ ሬሳ አይቆረጥም አሉ። እንዳለ ቀበሩት።

የካቲት 2
ኢዳ ላይ ነኝ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አልወጣም። ሱቁን ሙሐመድሳኒ ይከፍታል። ገበያው ከዚህ ይሰማኛል።
ዶክተር ምሥራቅ ልታጽናናኝ ደወለች። ማንንም ያልጠየቅሁትን ጠየቅኋት። ማሽኑ... አሁን ምን ያደርጋል?

"ባትሪው ገና አዲስ ነው። ትእዛዙን ይልካል። የሚሰማው ልብ የለም እንጂ።"
እሺ አልኳት።