የስድስት መኪና ኖርም

ግንቦት 3፣ ሰኞ። ጠዋት 12፡20፣ ሰርቪስ ውስጥ

የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ፋብሪካው እየወረድን ነው። ከፊቴ የተቀመጠው የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ገና ከደሴ ሳንወጣ ጀምሮ። ኩርባው አያነቃው፣ ጥሩምባው አያነቃው። ጠላሁት። እኔ ደህና እንቅልፍ ከተኛሁ አራተኛ ቀኔ ነው። ልቤ ያለ ምክንያት ይሮጣል፤ እኔ ተቀምጬ እሱ ይሮጣል። መንጋጋዬን ነክሼ ስለማድር ጥርሴን ያመኛል።

ዛሬ ልኬት ይጀመራል። ጓድ ም/ሥ/አስኪያጅ አዲስ ኖርም፣ አዲስ የሥራ ልክ፣ አምሮታል። ሽመና ክፍል አንዷ ሠራተኛ የምትይዘው አራት የሽመና መኪና ነው፤ እሱ ስድስት ትያዝ ባይ ነው። እስኪጸድቅ ድረስ ግን ለሠራተኛው ትንፍሽ እንዳይባል አስጠንቅቋል። ማስረጃውን የማመጣለት እኔ ነኝ፤ እኔና አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ስቶፕ ዋች። ክር ከተበጠሰ ጀምሮ ቀጥላ መኪናውን እስክታስነሳ ስንት ሰከንድ? መዝግብ፣ አማካዩን አውጣ፣ ፈርም። ረመዳን ነው፣ ግማሹ ሰው ጾመኛ ነው፣ ከዒድ በኋላ ይሁን ብዬ ብጠይቀው ዕቅድ አይጾምም አለኝ። በቀልዱ ራሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከእሱ ሳቅ የኔው ይብሳል።

ያው ቀን፣ ካፈጠርኩ በኋላ

ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። አርባ አንድ። አርባ አራት! ለኪ ሲያዩ እጃቸው ይከብዳል። እኔ አውቃለሁ፣ እንደማውቅም ያውቃሉ፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ እንተያያለን። ሞሚና የምትባለው፣ ከደሴ ዙሪያ የመጣችው፣ ከክፍሉ አንደኛ ቀልጣፋ ናት። ዛሬ ክሩን እንደ ሙሽራ ጠጉር ስታባብለው ዋለች። ጭራሽ ዞር ብላ አፊያ ነዎት ወይ ብላ ጤናዬን ጠየቀችኝ። ሥራሽን ሥሪ አልኳት።

ከዲጃ ሾርባ አቀረበችልኝ። የኔ ሚስት መሆን ቀላል እንዳይመስልህ፣ ደብተሬ። ከአንዱ ማንኪያ እስከ ሌላው ማንኪያ ያለውን ሰከንድ ስቆጥር ራሴን ያዝኩት። ከዲጃ ምን ትቆጥራለህ አለችኝ። ዚክር ነው አልኳት። በረመዳን ውሸት!

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ። ምሳ ሰዓት (ምሳ የለም)

ስብሰባ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ጊዜ ቁጠባ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ተነስቶ የፊተኛውን ደገመው። መጨረሻ ላይ ሁላችንም አጨበጨብን። እኔ ጭብጨባውንም ለካሁት።

ባለፈው ወር አንድ መካኒክ ደከመኝ ብሎ ፈቃድ ጠይቆ ነበር። ሂስና ግለ ሂስ ላይ አቆሙት። ድካም የንዑስ ከበርቴ አመል ነው ተባለ፤ አሻጥር የምትለዋ ቃልም ጣል ተደረገች። እሷ ቃል አንዴ ከተነሳች ሰው ቤቱ አይተኛም። ከዚያ ወዲህ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ማንም አይደክመውም። ድንቅ ፋብሪካ ነው።

እኔም ሐኪሙ ያለኝን ዋጥ አድርጌ ይዣለሁ። ከረመዳን በፊት ከዲጃ እየጎተተች ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወስዳኝ ነበር። ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ ልብህ ደህና ነው፣ የደከመው ሌላው ነው፣ ሦስት ሳምንት ዕረፍ አለኝ። ዕረፍ! ከመደርደሪያ የሚወርድ ክኒን መሰለው። አክስቴ ደግሞ ዓይን ነው ትላለች፤ ሰዎች ጠርቼ ዱዓ ላስደርግልህ ትላለች። በምኔ ይቀኑብኛል? እስክሪብቶ መያዝ በተሳነው እጄ?

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

አርባ። አርባ ሁለት። ሠላሳ ዘጠኝ። ጓድ ም/ሥ/አ ቁጥሩን አይቶ አንተ ነህ ወይስ ሰዓቱ ነው ያንቀላፋው አለኝ። ጸሐፊዋ ፊት። ሳቀችለት፤ ምን ታድርግ። ሆዴ ተቃጠለ፣ የእውነቱን መቃጠል ማለቴ ነው። ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ ሳያየኝ የጨጓራ ኪኒን ሰጠኝ፤ ካፈጠርክ በኋላ ዋጠው አለ። ከፊቴ ለቆመው አንገቱን ላመመውም ያችኑ ሰጥቶታል።

ግንቦት 6፣ ሐሙስ። ማምሻ

አልሐምዱሊላህ! ሃያ ሦስት። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ሞሚና አሥራ ዘጠኝ!

ጠዋት ልኬቱን እንደጀመርኩ ወለሉ ከእግሬ ሥር ሸሸብኝ። ምሰሶውን አቅፌ ትንሽ ቆየሁ፤ ወረቀቱን እዚያው ምሰሶው ላይ አስደግፌ ጻፍኩ። ደግነቱ ማንም ልብ አላለም። መፍጠን የጀመሩት ከዚያ ወዲያ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ጮሆባቸዋል መሰለኝ። በጎች! ሦስት ቀን ሲያሾፉብኝ ከርመው አንድ ጩኸት በቃቸው። እኔ በልምምጥ ያጣሁትን እሱ በጉሮሮው አመጣው።

ያለፉትን ሦስት ቀናት ልኬት ሰረዝኩት። የዛሬው አማካይ 22። ስድስት መኪና በደንብ ይወጣዋል። ቅጹ ተሞልቷል፣ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። ነገ ስምንት ሰዓት ማስረከብ ነው። ደስ ብሎኛል። ደስ ያለኝ ይመስለኛል። 

ግንቦት 7፣ ዓርብ። 7፡25

ከጁምዓ ስመለስ ሞሚና ፋብሪካው በር ላይ ጥላ ሥር ቆማ ጠበቀችኝ። ትናንት ቶሎ ጨረሱ ወይ፣ ትንሽ ጋደም አሉ ወይ አለችኝ። ምን ለማለት ፈልጋ እንደሆነ አልገባኝም፤ ጠየቅኳት። አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። የሰው ንግግር መገልበጥ አልወድም፣ ይህን ግን ቃል በቃል ልጻፈው፦

"ምሰሶውን ይዘው ሲንቀጠቀጡ አየንዎ፣ ጋሼ ሰይድ። ወላሂ፣ እፊታችን ሊወድቁ ነው ብለን ፈራን። ወረቀታቸው ቶሎ ይሙላላቸውና ይረፉ ተባባልን። ከመኪና መኪና ተላላክን፤ ክርስቲያኖቹም ሳይቀሩ። ነፍሳችን እስክትወጣ ነው የሮጥንልዎ። አብሽሩ፣ አላህ ያሽርዎ።"

አንዷ ጾመኛ ትናንት ከሰዓት በኋላ ወድቃ ውሃ እንዳፈሰሱባትም ነገረችኝ። አሁን ደህና ናት አለች፣ እኔ እንዳላስብ። እኔ እንዳላስብ!

ስለ ስድስቱ መኪና አያውቁም። አልነገርኳቸውማ። ወረቀቱ ሲሞላ የሚያርፈው ሰውዬ ነው ብለው አሰቡ፤ ወረቀቱ ሲሞላ የሚቆስሉት እነሱ ናቸው። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ በሽተኛ ብለው የሮጡትን ሩጫ ነገ በየቀኑ ሩጡ ሊባሉ ነው። እንደሚችሉ ለአለቃው የሚያሳየው ማን ነው? እኔ። ለማን አዘኑ? ለእኔ። ትናንት በጎች ብዬ ጽፌያለሁ። ልሰርዘው ነበር፤ ተውኩት። ማን እንደሆንኩ እዚያው ተጽፎ ይቆይ።

አፈርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

7፡40

ልኬቱ ይደገም ብል ጓድ ም/ሥ/አ ለምን ይለኛል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ለኪው መቆም አቅቶት ሠራተኞቹ አዘኑለት። ሌላ ሰበብ ብፈጥር ስንፍናው በእነሱ ይላከካል። ብፈርም ግን ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ሽልማትም ይኖረዋል፤ ጓድ ም/ሥ/አ ከመድረክ ላይ እጄን ይጨብጣል፣ ይህንኑ የሚንቀጠቀጠውን። እሱ ደግሞ ሲጨብጥም ሰው አያይም።

መካኒኩን ያቆሙበት ቦታ እኔንም ያቆሙኛል። አሻጥር ይባላል። ከዲጃን ምን እላታለሁ? ፈርቻለሁ፤ አንተ ፊት እንኳ እውነቱን ካልተናገርኩ፣ ደብተሬ፣ የት ልናገር ነው።

7፡50

የሃያ ሁለቷን ቁጥር ሰረዝኳት። ከሥሯ እንዲህ ጻፍኩ፦ ይህ ልኬት አይሠራም። ሠራተኞቹ የፈጠኑት ለኪው ታሞ ስላዩትና ስላዘኑለት ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ቀን ሠርተው አንዷ ወድቃለች። ለኪው ከረመዳን በፊት ጀምሮ ታሟል፣ ደብቋል። ደክሞታል።

ፈረምኩ። ፊደል የሚማር ልጅ የጻፈው መሰለ።

ጸሐፊዋ ግባ እያለችኝ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ድምፁ ይሰማኛል፣ ስንት ሰከንድ አመጣልን እያለ ይስቃል። እኔ ቅጹን ይዤ ልገባ ነው።