ለግርማ የጠበበው ማሊያ

ይማሜ፣ የኔ ጌታ፤

ሰላሜ ባለህበት ይድረስህ፤ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለየኸኝ ዛሬ አራት ወር ከአስራ አንድ ቀን ሆነ። ያቺን አንዷን ቀን የጨመርኳት በከንቱ አይደለም። አራት ወር ከአስሩን ቀን ባሏ የሞተባት ሴት እንደሚገባት ሳልኳል፣ ሳላጌጥ፣ ከአጥር ሳልወጣ ዒዳዬን ጨረስኩ። ዛሬ ጠዋት የግቢውን በር ከፈትኩ። እግሬ መጀመሪያ የወሰደኝ ወደ እህቴ ቤት አይደለም፤ ወደ ገበያም አይደለም፤ ወደ ኳስ ሜዳ ነው። ሰው ምን ይላል እንዳትለኝ። የኮምቦልቻ ሰው የሚለውን ብሎ ጨርሷል፤ እኔም የምለውን ብያለሁ። እሱን ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት።

በዘመናችን ያለ ሪፖርት የሚጀመር ነገር የለምና አስቀድሜ የቤቱን ሪፖርት ላቅርብ። ጀምረኸው የሄድከውን ቁም ሳጥን ወንድምህ ጨርሶልኛል። እጁን አላህ ይባርክ፤ በሩ ግን ሲከፈት እንደ አማት ያጉረመርማል። መላጊያህንና መጋዝህን ዘይት ቀብቼ አስቀምጫቸዋለሁ። ሊገዛ የመጣ አንድ አናጢ ነበር፤ አንተን "ጥሩ ሰው ነበር፣ ኳስ ላይ ብቻ ነው እንጂ" አለኝና መጋዙንም ሻዩንም ሳያገኝ ተመለሰ። እትዬ ወርቄ ከጎኔ አልተለየችም። ጎረቤት ማለት እሷ ናት። ረቡዕና ዓርብን ትጾማለች፤ ወሬ ግን አትጾምም። እኔ ከአጥር ባልወጣም የቀበሌው ወሬ በሷ እግር እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው አጀንዳ።

በቀበሌያችን ስፖርት ኮሚቴ ፊት ቆመህ ግርማ በረኛ መሆኑን የተቃወምክበት ቀን ትዝ ይልሃል? እኔ ቀኑን እንደ ሰርጋችን ነው የማስታውሰው፤ ሁለቱም ቀን ምሳ ሳትበላ ነው የዋልከው። ሊቀመንበሩ ጓድ መኮንን ግርማን የመረጡት በቁመቱ ነበር። "ሰፊው ሕዝብ በረኛውን ከሩቅ ማየት አለበት፤ ቁመቱ የትግላችንን ከፍታ ያሳያል" ነበር ያሉት። አንተ ደግሞ ያንን አጭሩን፣ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ የማያውቀውን ሰይድን ይዘህ ቀረብክ። ሳቁ። አንተ ግን አልሳቅክም። "ሜዳችን ጠጠር ነው" አልካቸው። "ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ፤ ኳስ ወደ ላይ የላካት ሰው መልሶ አያገኛትም። ስለዚህ ደሴዎች ሁሌም መሬት ለመሬት ነው የሚመቱት። ግርማ ጎንበስ እስኪል ኳሷ መረብ ውስጥ ገብታ እረፍት ታደርጋለች። በር ከላይ ክፍተት ቢኖረው አየር ያስገባል፤ ከታች ክፍተት ቢኖረው ግን አይጥ ያስገባል።"

ወላሂ እንዲህ ያለ የኳስ ትንተና በሬዲዮም ሰምቼ አላውቅም። እነሱ ግን የሰሙት የአናጢ ንግግር ነው። የግል አስተያየትህን ከብዙኃኑ ውሳኔ በላይ አድርገሃል ተባለና ግለሂስ አድርግ አሉህ። ተነስተህ "አጥፍቻለሁ፤ ጥፋቴም ኳሱን ማየቴ ነው" ብለህ ተቀመጥክ። ግለሂስህ አጠረ ተብሎ ከኮሚቴው ተሰረዝክ። ከዚያ ወዲያ በገበያው ባለፍክ ቁጥር "ይማም፣ ዛሬ የትኛውን ድንክ ልታሰልፍ ነው?" ይሉህ ጀመር። አንተ ፈገግ ትላለህ፤ እቤት ስትገባ ግን መላጊያው ከወትሮው ይበልጥ ይጮህ ነበር። እኔ እሰማሃለሁ፤ እንዳልሰማሁ ሆኜ ወጥ አማስላለሁ።

ሐርቡ ከተማ የሰው ቤት በር ልትገጥም ወርደህ ያችን ክፉ ወባ ይዘህ መጣህ። ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርግህ መጀመሪያ የጠየቅከኝ ውሃ አይደለም። "ማንን አሰለፉ?" ነው ያልከኝ። ግርማን ስልህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርክ። አልሐምዱሊላህ፣ ሸሃዳህን አሳምረህ ብለህ ነው የሄድከው፤ ያ ፊት ማዞርህ ግን በልቤ ቀረ። ሰው ከዚህ ዓለም ሲሄድ ዕዳ ይተዋል ይላሉ፤ አንተ የተውክልኝ እውነትህን ነው፤ ሳትሰማ የቀረች እውነት።

ሦስተኛው ወር ላይ ጓድ መኮንን ደጄ ድረስ መጡ። ዒዳ ላይ መሆኔን ያውቃሉና ከበሩ ውጭ ቆመው ጨርቁን በእትዬ ወርቄ እጅ አስገቡልኝ። ከደሴ ቡድን ጋር የዋንጫ ጨዋታ ስላለ፣ የሰፈሩ ልብስ ሰፊም እኔ ነኝና፣ ማሊያ ስፊ ነው። ለተጫዋቾቹ ቀይ፣ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል፤ ለበረኛው ደግሞ ቢጫ። የእያንዳንዱ ልክ በወረቀት ተጽፏል፤ የግርማ ልክ ከሁሉም በላይ ሰፍሯል፤ በወረቀት ላይ እንኳ ረጅም ነው።

ቀዩን ሰፍቼ ጨረስኩ። ለቢጫው ክር ፍለጋ አንተ እንጨት የምትሠራበት ክፍል ገባሁ። ከግድግዳው በተደገፈው ሳንቃ ላይ በእርሳስ የጻፍከውን አየሁት። ሰይድን አንድ ቀን ከጎል ቋሚው ሥር አቁመህ በሜትርህ ለክተኸው ኖሯል። ቁመቱን፣ ትከሻውን፣ ክንዱን ጽፈሃል። ከክንዱ ልክ አጠገብ "ማሻአላህ" ብለህ ጨምረሃል። እውነትም ማሻአላህ ነው፤ አላህ ቁመቱን ሲቀንስበት ክንዱ ላይ ክሶታል። አንገቱ ደግሞ ቀጭን ናት።

ዱሁር ሰገድኩና መቀሱን አነሳሁ። ለተንኮል አይደለም ብዬ ብጽፍልህ ትስቅብኛለህ። ለተንኮል ነው። የኮሚቴውን ወረቀት አጣጥፌ ከመርፌው ቆርቆሮ ሥር አደረግኩና ቢጫውን በሳንቃህ ልክ ቆረጥኩት። እንዳይተረተር ስፌቱን ሁለት ጊዜ፣ አንገቱን ሦስት ጊዜ መታሁት።

የጨዋታው ዕለት ሜዳ መሄድ አይገባኝም። ግቢው መሀል በርጩማ አወጣሁና ፊቴን ወደ ሜዳው አዙሬ ተቀመጥኩ። አንተ ያስተማርከኝን ይዤ ነው፤ ጎል ሲገባ ጩኸቱ ይረዝማል፣ በረኛ ሲያድን ጩኸቱ ቁርጥ ብሎ ጭብጨባ ይከተላል፣ አጥቂ ሲስት ሕዝቡ ሁሉ እንደታመመ ሰው ያቃስታል። መጀመሪያ ግን የሰማሁት ሳቅ ነው። ረጅም ሳቅ።

በኋላ እትዬ ወርቄ እንደነገረችኝ ግርማ ማሊያውን ሊለብስ ጭንቅላቱን አስገባ፤ አንገቱ ላይ ያዘው። ወደፊት አልሄድ፣ ወደኋላ አልመለስ አለ። ሁለት ሰው ጎተተው። "አይኑ ሳይታይ እጁን እያርገበገበ ሲዞር፣ ወይኔ ዘሃራ፣ ቢጫ ጆንያ የገባ ፍየል!" አለችኝ። በስንት መከራ አወጡት። በቀዩ ይግባ ቢሉ ከደሴ የመጣው ዳኛ አሻፈረኝ አለ፤ ቀይ ለብሶ በረኛ የለም አለ። የአንዱ ሰው ካፖርት ቀረበ፤ ዳኛው ሰዓቱን አሳያቸው። ያኔ ሰይድ ከወንበሩ ተነስቶ ማሊያውን ተቀበለና አጠለቀው። ልክ! እትዬ ወርቄ "ከእናቱ ሆድ ለብሶት የወጣ ነው የሚመስለው" አለች።

ደሴዎች ሳቁ። ቁልቁለቱን ወርደው እኛን ለማሸነፍ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ "ወባ ያሳጠረው ነው ወይ?" እያሉ ጮሁ። ከዚያ መቱ። መሬት ለመሬት፣ ጠጠር ለጠጠር፣ ልክ አንተ እንዳልከው። እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ ጩኸቱን እቆጥር ነበር። ቁርጥ፤ ጭብጨባ። ቁርጥ፤ ጭብጨባ። አንዴ ረዘመ፤ ግን ጩኸቱ ከኛ በኩል ነበር፤ እኛ አገባን። ከዚያ ወደ መጨረሻው ላይ ሜዳው ጸጥ አለ። እንዲያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጥቶብን ኖሯል። እኔ ያንን አላወቅኩም፤ ብቻ ተነስቼ አጥሩን ያዝኩ። ከዚያ ቁርጥ ያለች፣ አጭር፣ እንደ እንጨት ፍልጥ ያለች ጩኸት መጣች።

እትዬ ወርቄ ነጠላዋን እየጎተተች ሮጣ ገባች። ኳስ አታውቅም፤ ያየችውን ነው የነገረችኝ። "ሰውየው በታች መታት፣ ያ አጭሩ ልጅ እንደ ሰሌን መሬት ላይ ተነጠፈ፣ እጁ ግን ዝም ብሎ ይረዝማል፣ ይረዝማል፣ አያልቅም!" አለችኝ። እሷ ስትስቅ እኔ አለቀስኩ። ክንዱ ማሻአላህ ነው አልኳት። በምን አወቅሽ አለችኝ።

በማግስቱ ጓድ መኮንን ደብተርና እስክርብቶ ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። እኔ ከውስጥ፣ እሳቸው ከውጭ።

"ጓዲት ዘሃራ፣ የግርማ ልክ ተሰጥቶዎት አልነበረም?"

"ተሰጥቶኛል ጓድ ሊቀመንበር።"

"ታዲያ ማሊያው ስለምን ጠበበ? ይህ ነገር አሻጥር ይመስላል።"

አሻጥር የምትለዋ ቃል በዚህ ዘመን ቀላል ቃል አይደለችም፤ ስንት ሰው በሷ ከቤቱ ወጥቶ ቀርቷል። "የሐዘንተኛ እጅ ነው ጓድ፤ እምባ ያየ አይን ሜትር አያነብም" አልኳቸው። "ደግሞስ አሸንፈን የለ?" ብዬ ጨመርኩ። "ያሸነፈ አሻጥር በየትኛው አንቀጽ ነው የሚጻፈው?" ሲያስነጥሱ ይሁን ሲስቁ ከበሩ ኋላ አልለየሁም። ደብተሩ ግን ተዘጋ።

ዳንኩ። ይማሜ፣ መዳኔ ግን አልጣመኝም። በሳምንቱ እትዬ ወርቄ የሪፖርቱን ወሬ ይዛ መጣች፤ ሰይድ የተሰለፈው "በኮሚቴው ጥልቅ ጥናት" ነው ተባለ። አንተ በአደባባይ የተሰደብክባት ሐሳብ የነሱ ጥናት ሆነች። እኔም በፍርሃቴ በእምባ ላይ አሳብቤ ፈረምኩላቸው ማለት ነው። ቀሪውን ዒዳዬን የተቀመጥኩት በሁለት ሐዘን ነው፤ አንዱ በሞትህ፣ አንዱ በምላሴ።

ለዚህ ነው ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ሜዳ የሄድኩት። እሁድ ነው፤ ቡድኑ ልምምድ ላይ ነበር፤ ኮሚቴው ለተጫዋቾቹ የምስጋና ንግግር ያደርጋል፤ ሕዝቡም ዙሪያውን ቆሟል። ጓድ መኮንን ጥልቅ ጥናቱ ላይ ሲደርሱ ሰዉን ከፍዬ ገባሁ።

"ማሊያውን አውቄ ነው ያጠበብኩት" አልኩ። "እምባም አይኔን አልጋረደብኝም። ልኩን የለካው ይማም ነው፤ በሳንቃ ላይ በእርሳስ ተጽፏል፤ የፈለገ ቤቴ መጥቶ ያንብብ። ጥናቱን ያጠናው እሱ ነው። እናንተ የሰረዛችሁት።"

 ጓድ መኮንን ወደ ደብተራቸው፣ ከዚያ ወደኔ፣ ከዚያ ወደ ሰይድ አዩ። አሁን ይዘውኝ ይሄዳሉ አልኩ። ያኔ ማን ቢናገር ጥሩ ነው? ግርማ! ያ ረጅሙ። "እኔ እንኳ ተገላገልኩ ጓድ ሊቀመንበር" አለ። "ጋሽ ይማም ተከላካይ ሁን ብሎኝ ነበር፤ በጭንቅላትህ ነው የምትጠቅመው ብሎኝ ነበር፤ እናንተን ፈርቼ ነው።" አሁን ተከላካይ ሆኗል ይማሜ፤ ከሱ ራስ በላይ የምታልፍ ወፍ ብቻ ናት።

ሰዉ ሳቀ። ገበያ ላይ ድንክ እያሉ ሲያሾፉብህ የነበሩት ሽማግሌ ወደፊት መጡና "ለይማም ፋቲሓ እንቅራ፤ ተበድሏል" አሉ። ተጫዋቾቹ ጠጠሩ ላይ ተቀመጡ። ሰይድ እነዚያን ረጃጅም ክንዶቹን ዘረጋ። ግርማ አማተበ። እትዬ ወርቄ አሚን ስትል ከሽማግሌው ድምፅ በላይ ትሰማ ነበር። ጓድ መኮንን ቆመው ቀሩ፤ ደብተሩን በብብታቸው ያዙ፤ ከዚያ እጃቸው፣ እሳቸው ያዘዙት አይመስለኝም፣ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አሚንም አሉ። ሰምቻለሁ፤ ጎልን በጩኸቱ የለየ ጆሮ ነው።

እንግዲህ ይማሜ፣ ስምህ ጸድቷል፤ አላህ ጀነተል ፊርደውስን፣ የጀነትን ከፍተኛውን፣ ይወፍቅህ። እኔ በሕይወት እስካለሁ በዚህ ሜዳ ጠርዝ ላይ ስለ በረኛ የተነሳ ወሬ ያላንተ ስም አያልቅም፤ ልጅ ልጆቻቸው እስኪሰለቻቸው ድረስ እነግራቸዋለሁ። ነገር ግን የሞተን ሰው ማስታወስ ማለት ሙሉውን ማስታወስ ነውና ይህንንም ልጨምርልህ፤ አንዱን ልጅ በግራ ክንፍ ይሰለፍ ስትል ተሳስተህ ነበር። ወላሂ ተሳስተህ ነበር። ያ ልጅ ቀኝ እግሩ ይሻላል። እሱንም አልረሳልህም።

ያንተው
ዘሃራ