የልጄ ፕሮግራምና የዩሱፍ አሮጌ ኮምፒውተር

ሰኞ

ልጄን አልሰጥም አልኩት! ጻፊው ሀዋ፣ እንዳልኩት ጻፊው፤ ማለሳለስ የለም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እጁ የልጄ ነው፣ አፉ የእኔ።

ታናሽ ወንድሜ ዩሱፍ እዚህ ወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 5 ሰፈር ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «አቦ፣ ይቺ ልጅ ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ ምን አወጣች? ድሬዳዋ ሱቄ ትግባና ጨርቅ ትሽጥ» አለኝ። የጭነት መኪና ተራ የሚይዝ ፕሮግራም እየጻፈች ነው አልኩት። ሳቀ። «እንግዲያው እስከ ሐሙስ እኔ መጋዘን ባለው ኮምፒውተር ላይ ይሥራ። ካልሠራ ቅዳሜ ይዣት እሄዳለሁ።»

ይሁን አልኩ። ሀዋን ሳልጠይቅ። አሁን ይህን ስትጽፍ ፊቷ ጠቁሯል። ይጥቆር።

ማክሰኞ

ኮምፒውተሯ እምቢ አለ። ሀዋ የምትጽፈው ሰው የሚያነበው ነው፤ ምንጭ ኮድ ይሉታል። ኮምፓይለር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ያንን ከላይ እስከ ታች አንብቦ ባይትኮድ ወደሚባል አጫጭር ትእዛዝ ይለውጠዋል። አንዲት ነገር ከተሳሳተች ግን ምንም አይሰጥም። ዛሬ ቁጥር ብቻ በሚገባበት ቦታ ፊደል አግኝቶ ቆመ።

«ታርጋውን ቁጥር ብቻ አድርጌ ይዤው ነበር አባዬ። ፊደልም አለበት ለካ።»

ተናደድኩ። ማሽን ልጄን ያርማታል? «ዝለይው! አትለማመጪው!»

«አይዘለልም። ደግሞ እዚህ ቢነግረኝ ይሻላል ወይስ አጎቴ ፊት?»

ከቀትር በኋላ፣ ለአስር ሶላት ሳይጠራ አረመችው፤ አለፈ።

ረቡዕ

ባይትኮድ ገባኝ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ወደብ ላይ የክሬን ሹፌር በእጅ ምልክት ሳዝዝ ነው። አለቃው በፈረንሳይኛ ይጮህብኛል፤ እኔ በእጄ እለውጠዋለሁ፦ አንሳ፣ ቀስ፣ ቁም፣ አውርድ። ሹፌሩ ሱማሌም ይሁን አፋር፣ ምልክቱን ካወቀ በራሱ ክሬን ይሠራዋል። ባይትኮድም የሀዋ ቋንቋ አይደለም፣ የኮምፒውተሩ ብረት ቋንቋም አይደለም። በየኮምፒውተሩ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን የሚሉት ፕሮግራም አለ፤ እሱ ተቀብሎ ለራሱ ብረት ይተረጉመዋል።

«ልክ ነህ አባዬ፣ ግን አትኩራ። ሁሉም ሹፌር ሁሉንም ምልክት አያውቅም» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቡላኦስ ገበያ ወርጄ ላገኘሁት ሁሉ፣ ነገ የዩሱፍ አፍ ይዘጋል አልኩ።

ሐሙስ

የወደቡ ነፃ የንግድ ቀጠና አጠገብ፣ የዩሱፍ መጋዘን። ሀዋ ፕሮግራሙን አስነሳችው። አልተነሳም። የስህተት ጽሑፍ ወጣ።

ዩሱፍ፣ «አቦ፣ ሻንጣዋን አዘጋጁ!» ብሎ ሠራተኞቹን አሳቀ። እኔ ምርኩዜን መሬት ላይ ወቃሁት፦ «ሐሙስ መቼ አለቀ?»

ሀዋ አልደነገጠችም። የዩሱፍ ኮምፒውተር የድሮ ነው፣ በውስጡ ያለው ቨርቹዋል ማሽንም የድሮ። የእሷ ኮምፓይለር ደግሞ ለአዲሱ የሚሆን ባይትኮድ ነው ያወጣው።

«ፕሮግራሜ ደህና ነው አጎቴ። ያረጀው ያንተ ነው።»

ላፕቶፗን እዚያው ሣጥን ላይ ዘረጋች። ለአሮጌው እንዲያወጣ ኮምፓይለሩን አዘዘችው። እምቢ አለ፤ ሁለት ቦታ ላይ አሮጌው የማያውቀው አዲስ አጻጻፍ ነበር። ሁለቱንም በድሮው አኳኋን ጻፈቻቸው። አለፈ። አዲሱን ፋይል ወደ ዩሱፍ ኮምፒውተር ወስዳ አስነሳችው። የአንድ መኪና ታርጋ አስገባች፣ ተራው ወጣ። ሌላም አስገባች፣ ወጣ። ሹፌሮቹ ተሰብስበው «የእኔንስ?» ይላሉ።

ዩሱፍ ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና፣ «ቅዳሜ ለሁለተኛው መጋዘኔም ፕሮግራሙን ታስገባልኝ። እሺ በል» አለኝ።

እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። የሰኞ ፊቷ ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷ ቆማ የለም እንዴ?»

ዞሮ ጠየቃት። «አስብበታለሁ አጎቴ» አለችው።

አሁን እቤት ገብተን ምን አሰብሽ ብላት አትነግረኝም። ይህንንም ጻፊው አልኳት። እየጻፈች ነው።