ዝግባውን ጥድ ያለው ግራዝማች

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ሶርሳ፣

የወንጂ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ የሚያስቸግርህ ሳልስ ተወህ ወይ? ሣራ ከአራስ ቤት በደህና ወጣች? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እማማም ጥርሷን ካስነቀለች ወዲህ እንቅልፍ አግኝታለች።

ይህን የምጽፍልህ ግን ተናድጄ ነው። ግራዝማች ዓምደሚካኤል የሚሉት ሰውዬ አሁን ደግሞ የደን አባት ሆኖልሃል! አንተ ከሄድክ ሰባት ዓመት ስለሆነህ ከሥሩ ልንገርህ።

አባባ ዳሞታ ተራራ ሥር ዛፍ መትከል ሲጀምሩ አንተ ገና ተማሪ ነበርክ። ተራራው ለከሰል ተመንጥሮ ምንጩ ሲነጥፍ ከቦምቤ የዝግባ ዘር ተሸክመው አመጡ፤ በቀርከሃ ቁራጭ አፈር ሞልተው አበቀሉት። በቆሎ በሚዘራበት መሬት ዛፍ ይተክላል ተብለው ገበያ ላይ ተሳቀባቸው። አንተ ከሄድክ በኋላ የግራዝማች ሰዎች ሊቆርጡ ሲመጡ አባባ መጥረቢያቸውን ቀምተው ዳኛ ፊት አቀረቡ። የታሰሩት ግን እሳቸው ናቸው፤ ሁለት ወር ሙሉ! እኔና እማማ ችግኙን በእንስራ እያጠጣን ቆየን። ሲፈቱም መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ችግኙ ነው፤ እማማ ለዚህ እስከ ዛሬ አልማረቻቸውም።

ባለፈው ወር ደን የሚያጠኑ እንግዶች ከአዲስ አበባ መጡ። ግራዝማች ካፖርቱን ደርቦ፣ ከዘራውን እያወዛወዘ ከፊት ቀደመ። «ይህን ሁሉ ያስተከልኩት እኔ ነኝ» ይላል፣ ሳያፍር! አንዱ እንግዳ ግንዱን ዳሰስ አድርጎ ምን ዛፍ እንደሆነ ጠየቀው። ሰውዬው ሽቅብ አየ፣ ቁልቁል አየ፤ «ጥድ ነው» አለ። ፍየል እንኳ የምትለየውን! እንግዳው ፈገግ ብሎ ዞር ሲል አባባ ከኋላ ቆመዋል። «ዝግባ ነው ጌታዬ፤ ዘንድሮ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ግራዝማች ሰው ልከው ሊያስቆርጡት ሲሞክሩም ስሙን አልጠየቁም» አሉ። እንግዳው የአባባን ስም ጽፎ ያዘ፤ ቀኑን ሙሉም ከሳቸው ጋር ሲዞር ዋለ።

ግራዝማችን ውርደቱ አንገብግቦት ነው መሰለኝ፣ አሁን መሬቱን ሊወስድ ተነሥቷል። የነገሩኝ የገዛ እኅቱ ወይዘሮ እታፈራሁ ናቸው፤ «በሱ ምክንያት ሰው ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ» ብለው። መሬቱ ባንተም ስም ስለሆነ በጸሐፊው በደገፉ እጅ ወረቀት ይልክልሃል። ደኑ በአባባ ስም እንዲጠራ ነው ይልሃል። ውሸት ነው፤ መሬቱን የምትለቅበት ውል ነው። እንዳትፈርም! አምና «አባባ መትከሉን ቢተዉ ምን አለ፣ ዛፍ አይበላ» ብለህ የጻፍከውን አላነበብኩላቸውም። አሁንም እንዳላፍርብህ።

ሣራን ሰላም በልልኝ፤ ሕፃኗንም ጉንጯን ሳምልኝ። እማማ በብዙ ናፍቆት ሰላም ትልሃለች፤ አክስታችን ቦልቴም እንደዚሁ። አባባን ምን ልጻፍልዎ ብላቸው ብዙ አሰቡና፣ «ሸንኮራ አገዳው መሃል ጥላ የሚሆነው ዛፍ አለው ወይ? ከሌለው ዘር ልላክለት» አሉ።

እኅትህ ሰገነት ኤርሳዶ
ሶዶ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.